የመስኮት ዳር ችግኞቼን ቀጥ ያደረገልኝ መብራት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መስኮቴ ወደ ሰሜን ስለሚያይ በብርዱ ወራት ፀሐይ አያገኝም። በሶብላና ቃሪያ ከዘር ማብቀል ለሚወድ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ችግኙ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ወደ መስታወቱ ይጋደማል።

መፍትሔ የሆነኝ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫ የሚያያዝ፣ ክንዱ የሚታጠፍ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ነው። ወደ 30 ዶላር ነው የገዛሁት። ደስ ያለኝ በድምቀቱ አይደለም፤ ነጭ ብርሃኑ ውስጥ በቂ ሰማያዊ ስላለ ነው። ተክል ብርሃንን ለምግብ ብቻ አይፈልገውም፤ እንዴት እንደሚያድግ የሚወስነውም በእሱ ነው። ክሪፕቶክሮም የሚባለው ፕሮቲን ሰማያዊውን ሲቀበል ግንዱ ያለ ልክ እንዳይረዝም ይገታዋል። ፎቶትሮፒን የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ይለያል። ያኔ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ወደ ጥላው ጎን ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሴሎች ይረዝማሉ፤ ግንዱም ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። ክንዱን አጥፌ መብራቱን ከአናታቸው በላይ ሳደርገው አዲሶቹ ችግኞች አጠር፣ ወፈር ብለው ቀጥ አሉ።

ቀዩን ብርሃን የሚለየው ፋይቶክሮም የሚባለው ፕሮቲን ነው። የእሱ ታሪክ የሰፈራችን ታሪክ ስለሆነ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እዚሁ ቅርባችን ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ማዕከል፣ ተመራማሪዎች የሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን አበሩ፤ ዘሩ በቀለ። ከቀዩ ቀጥሎ ሩቅ ቀይ የሚባለውን፣ ለዓይናችን እምብዛም የማይታየውን ብርሃን ሲያበሩበት ግን አብዛኛው ሳይበቅል ቀረ። ሁለቱን እያፈራረቁ ደጋገሙት። ዘሩ የሚሰማው የመጨረሻውን ብርሃን ብቻ ነበር! ውጤቱን ያሳተሙት በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ በኩል በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሐምራዊ የሚያበሩትን መብራቶች አልመክርም። ቤቱን ሁሉ ያቀላሉ፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ለማየትም ያስቸግራሉ።

የእኔው ነጭ መብራት ጉድለቱ ሰዓት ቆጣሪው ላይ ነው። ከ12 ሰዓት በላይ አይሞላም፤ እኔ ለችግኝ 16 እፈልጋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የሞላሁትን ይረሳዋል። ለሻጩ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ቆጣሪ ለብቻው ገዝቼ ነው የተገላገልኩት። አንዱ መብራት በደንብ የሚያዳርሰው ሁለት ትንንሽ ማሰሮ ብቻ ነው። ጤና አዳምም ልጨምር ካላችሁ ሁለት ግዙ።