ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ፎርም ሞይ ቤት

የቤቱን ስም አልጠራም። እንደሱ ዓይነት ቤት ብዙ ነው፣ ስሙን ባነሳም ባላነሳም ያው ነው። ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ዲኤስ-160 የሚባለውን ፎርም ያስሞላሁበት ቤት ነው። ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። አንዱ ለፎቶው፣ አንዱ ልጁ ጨዋ ስለሆነ። ሦስቱ የት እንደቀሩ ልንገራችሁ።

ለምን ራስህ አልሞላኸውም ካላችሁ፣ ፈርቼ ነው። ፎርሙ ረጅም ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ደግሞ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ከቆያችሁ ይዘጋባችኋል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ላነሳ ዞር ስል ተዘጋብኝ። ሴቭ የሚለውን ብጫን ኖሮ 30 ቀን ይጠብቀኝ ነበር፤ ያን ያወቅሁት በኋላ ነው። ተስፋ ቆረጥኩና ወደ ሰው ሄድኩ።

ልጁ ፈጣን ነው። ፓስፖርቴን ተቀበለ፣ አየት አደረገና መጻፍ ጀመረ። ፎቶው ላይ በእውነት ጎበዝ ናቸው። ፎርሙ የሚቀበለው ካሬ የሆነ ፎቶ ነው፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ። እኔ በስልክ ያነሳሁትን አልቀበልም ብሎ ደጋግሞ መልሶብኝ ነበር። እነሱ ነጭ ግድግዳ ላይ አቁመው አነሱኝ፣ ቆረጡት፣ አሳነሱት፣ በአንዴ አለፈ። ለዚህ ሥራ ገንዘቤን አልቆጭም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ ከወንበሩ ጀርባ ቆሜ እመልሳለሁ። መቼ ተመረቅክ፣ ሥራ መቼ ጀመርክ፣ እዚያ ማን አለህ። ወደ መጨረሻው ላይ «ጨርሰናል ወንድሜ» አለኝና ሰብሚት አደረገው። ባርኮድ ያለባትን አንዲት ገጽ አትሞ ሰጠኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳትና ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስገባ፣ እኔም ስላላወቅሁት። በአሜሪካ ሕግ ፎርሙን ማንም ቢሞላላችሁ የመጨረሻዋን የፊርማ ቁልፍ የምትጫኑት እናንተ ናችሁ። የሞላላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ማን እንደሆነ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። የኔው ልጅ እዚያ ላይ «የረዳኝ የለም» ብሎ በኔ ስም ፈርሟል። ማለትም ያላየሁት ፎርም ላይ፣ «አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ማታ ገጿን አውጥቼ ሳይ ስሜ ተገልብጧል። በኔ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ያለው የአያቴ ስም ነው፤ የኔና የአባቴ ስም አንድ ላይ ከሱ በታች ናቸው። ልጁ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ሁሉም በራሱ ግምት ይሞላዋል፣ ግን ግምት አያስፈልግም። ፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ 44፣ 44 ምልክት ያላቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያውን እዩት። ከአገር ኮዱ ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ከሱ ቀጥሎ ሁለት የቀስት ጫፍ የመሰሉ ምልክቶች፣ ከዚያ የተቀሩት ስሞች። ማሽኑ የሚያነበው ያንን ነው። ፎርሙም ከዚያ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ጠዋት ደወልኩ። «ችግር የለውም፣ ኢንተርቪው ላይ ንገራቸው» አለኝ። እሺ፣ ሙሉውን ፎርም ላክልኝ አልኩት። አላተመውም፣ አላስቀመጠውም። ስም ላይ ይህን ያህል ከሳተ ሌላው ቦታስ ምን አድርጎ ይሆን ብዬ ራሴ ልከፍተው ተነሳሁ።

ፎርሙን መልሶ ለማውጣት አራት ነገር ይጠየቃል፤ ገጿ ላይ ያለው በኤኤ የሚጀምረው ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላት፣ የትውልድ ዓመት፣ እና የምስጢር ጥያቄ መልስ። ስሙን ትክክለኛውን ስጽፍ እምቢ አለኝ። ለካ የተሳሳተውን ፎርም የምታወጡት በተሳሳተው ስም ነው። እሱን አለፍኩ። ቀጥሎ የምስጢር ጥያቄው፤ የእናትህ እናት ስም ማን ነው? የአያቴን ስም ጻፍኩ። እምቢ። በሌላ አጻጻፍ ሞከርኩ። እምቢ። እንደገና ደወልኩ።

«እሱማ ለሁሉም ደንበኛ ሰላም ብለን ነው የምንሞላው» አለኝ።

የአያቴ ስም ሰላም አይደለም።

ተከፈተልኝ፣ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የተመረቅኩት ሐምሌ 2006 ነው። ሥራ የጀመርኩት መስከረም 2007። ልጁ ሁለቱም ላይ 7 ደምሮ ሐምሌውን 2013፣ መስከረሙን 2014 አድርጎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ልክ ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚደመረው 8 ነው። ስለዚህ በሁለት ወር ሥራ ያገኘሁት ሰውዬ በፎርሙ ላይ 14 ወር ቤት ቁጭ ያልኩ ሆንኩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ኤምባሲው የኢንተርቪው መስኮት ላይ «ያንን ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» ተብዬ ብጠየቅ ግን ምን እንደምል አላውቅም፣ ምክንያቱም ያ ዓመት አልነበረም።

የማኅበራዊ ሚዲያው ጥያቄ ላይ «የለውም» ብሏል። ፎርሙ በፈረንጅ ከ2019 ጀምሮ፣ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን ገጾች ስም ይጠይቃል። እኔ ደግሞ እዚያ ተቀምጬ እንኳ ስልኬን እየነካካሁ ነበር።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። «ከዚህ በፊት የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው «አይ» ብሎ ሞልቷል። ተከልክያለሁ። ከዓመታት በፊት 214 ቢ የሚል፣ ማለትም ወደ አገርህ እንደምትመለስ አላሳመንከንም የሚል ወረቀት ሰጥተው ሸኝተውኛል። እሱም መከልከል ነው። ብዙ ሰው «ወረቀት ሰጡኝ እንጂ አልተከለከልኩም» ይላል፣ እንደዛ አይደለም። ልጁን ብቻ አልወቅስም። «ሪጀክት ምናምን የለም አይደል?» ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ እኔም ስልኬ ላይ አቀርቅሬ «እም» ብያለሁ። ግን እንደዛ ተብሎ አይጠየቅም። መልሱን ራሱ አጉርሶኝ ነው የጠየቀኝ። አሻራዬ እነሱ ጋ አለ፣ ፋይሌ አለ፣ መደበቅ ብፈልግ እንኳ አይደበቅም። ወሳኝ ነገር ላይ ሆነ ብሎ ዋሸ ከተባለ ደግሞ እድሜ ልክ የሚከተል ክልከላ አለ። የኔ ስሕተት ውሸት አይደለም፣ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ ያንን ከማስረዳ ቀድሜ ማረም ይሻላል።

እርማቱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። አንዴ የገባ ፎርም አይነካም፤ ከፍታችሁ አንድ ፊደል እንኳ መቀየር አትችሉም። የሚቻለው በአሮጌው ላይ ተነስቶ አዲስ መፍጠር ነው። አሮጌውን ስትከፍቱ አዲስ ማመልከቻ ፍጠር የሚል ምርጫ አለ፣ አብዛኛውን መልስ ገልብጦ ይሰጣችኋል። ሁሉንም አይገለብጥም፣ የተገለበጠውም የድሮውን ስሕተት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ አንብቤ፣ ያረምኩትን አርሜ፣ ፎቶውን እንደገና ጭኜ፣ የረዳህ ሰው አለ ወይ ለሚለው አሁን በእውነት «የለም» ብዬ ፈረምኩ። ከመፈረሙ በፊት ሁሉንም መልስ በአንድ ላይ የሚያሳይ ክፍል አለ። ልጁ በአምስት ሰከንድ ያለፈው እሱን ነው። ሙሉ ፎርሙንም አትሜ አስቀመጥኩ።

ፎርሙ ነጻ ነው። አስሬ ብትሞሉትም ነጻ ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ለቪዛ ማመልከቻው ነው፣ እሱም ፎርም ስላረማችሁ ብቻ ሁለተኛ አይከፈልም። ቤቱ ግን «እርማት እንደ አዲስ ነው የሚከፈለው» ብሎኛል። ራሱ ያበላሸውን! አንድ ኮከብ የሄደው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። አዲሱ ፎርም አዲስ ቁጥር አለው። ቀጠሮ የያዛችሁበት አካውንት ላይ ያለው ግን አሮጌው ነው። እዚያ ገብታችሁ ካልቀየራችሁት በእጃችሁ ያለው ባርኮድና እነሱ የያዙት ይለያያል። ከቀጠሮው ስንት ቀን በፊት መቀየር እንዳለበት ኤምባሲው ራሱ የሚጽፈውን እዩ፣ ከአንዱ ኤምባሲ ሌላው ይለያል። እኔ ባረምኩበት ቀን ቀየርኩት፣ አዲሷን ገጽ አተምኩ፣ አሮጌዋን ቀደድኳት።

ይሄ የምላችሁ ለዲኤስ-160 ብቻ ነው። ለመኖሪያ ቪዛ የሚሞላው ዲኤስ-260 ከገባ በኋላ ጉዳያችሁን የያዘው ቢሮ እንዲከፍትላችሁ መጠየቅ ነው ያለባችሁ። ዲቪ ሎተሪ ላይ ደግሞ ተሳስቻለሁ ብላችሁ ሁለተኛ እንዳትሞሉ። ከአንድ በላይ የሞላ ሰው ከነጭራሹ ይሰረዛል።

ኢንተርቪው ላይ ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በፊት የተከለከልከው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብላ ነው። ፎርሙ ላይ እንደጻፍኩት መለስኩ። ስለ ሥራዬ ትንሽ ጠየቀችኝ፣ አለቀ።

ለፎቶ ግን እዚያ ቤት እመለሳለሁ። ታናሽ እህቴ በሚቀጥለው ወር ልታመለክት ነው። ፎቶዋን እነሱ ጋ ተነስታ በፍላሽ ትቀበላለች፣ ፎርሙን ቤት ቁጭ ብላ ራሷ ትሞላለች። ትናንት ማታ ጀምረነው ነበር። የምስጢር ጥያቄው ጋ ስንደርስ የአያታችን ስም በእንግሊዝኛ በአንድ ኤስ ነው በሁለት የሚጻፈው ብለን እስካሁን አልተስማማንም።