ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ የሚሸጡት አባት፦ ምስጋናም ጥቆማም

«ልጄ አላነብ አለኝ» እያላችሁ ለምትማረሩ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ወላጆች ነው ይህን የምጽፈው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሰማያዊ ሸራ ዘርግተው ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሸራውን ካዩ ይበቃል» ነው ያሉኝ።

ጳጉሜ ላይ ደብተር ልገዛ ሦስቱንም ልጆች ይዤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። ለመካከለኛው፣ አራተኛ ክፍል ለሚገባው ልጄ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ልብ ወለድ አነሣሁና ዋጋ ጠየቅሁ። ሰውየው ዋጋውን ትተው መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉና ለልጁ ሰጡት። «እስቲ ይቺን ገጽ አንብብልኝ፤ ያልገባህ ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፍ።» ገጹ ሳይጋመስ እጁ ቡጢ ሆነ። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ሳቅ ብለው «እታለም፣ ይሄን ለራስሽ ነው የመረጥሽው። አልሸጥልሽም» አሉኝ። በአዲስ ዓመት ገበያ አልሸጥም የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዕድሜውን አልጠየቁትም። «ጀምረህ የተውከው መጽሐፍ አለ?» ነው ያሉት። አለ እንጂ! አምና ከሌላ ቦታ የገዛሁለት፣ በየገጹ ምክር ብቻ የሚደረድር አንድ መጽሐፍ (አሁን የጠረጴዛችን አጭር እግር ሥር ነው)። «የሚያስቅ ነው የሚያስፈራ የምትወደው?» «የሚያስፈራ፤ ግን ማንም የማይሞትበት።» ፈልገው ፈልገው፣ የጠፋ በግ ፍለጋ ጫካ የሚገቡ ልጆች ታሪክ አወጡለት፤ ስስ፣ ምዕራፎቿ አጫጭር። ስንመለስ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ እያነበበ አስመለሰው፤ አፉን ጠርጎ ቀጠለ። የመጨረሻዋ ቅጠል ተገንጥላ ኖሮ ማታ አለቀሰ። በሳምንቱ ወስጄ ሳሳያቸው ደነገጡ፤ ሌላ ቅጂ ፈልገው ያለ ምንም ጭማሪ ቀየሩልኝ። ያገለገለ ስትገዙ ግን መጨረሻውን ገልጣችሁ እዩ።

ለአምስት ዓመቷ ፊደል የሚያስቆጥር ነበር የፈለግሁት። «33ቱ ፊደል በ7 ቤት 231 ነው። ያን ሁሉ ለይታ እስክትጨርስ ከተረት ልትጾም ነው? አንቺ አንብቢላት» አሉኝ። በየገጹ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ያለው፣ ጅቡ በር ባንኳኳ ቁጥር ያው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚመላለስበት የሥዕል መጽሐፍ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ጅቡን ከእኔ ቀድማ መመለስ ጀመረች። አሁን ለአሻንጉሊቷ «ታነባለች»፣ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ።

ትልቋ 15 ዓመቷ ነው። ከስልኳ ቀና ሳትል «እኔ አማርኛ ልብ ወለድ አላነብም» አለቻቸው። አልተቆጡም። «ስልክሽን አታስቀምጪ» አሉና በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር አሳዩዋት። ውፍረቱን ስታይ ፊቷ ወረደ። «አብሽሪ! መጀመሪያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን እዚሁ ስልክሽ ላይ አድምጪ። ድምፁ ጆሮሽ ከገባ በኋላ ስትገልጪው ጉዱ ካሣ ራሱ ያነብልሻል።» እኔ ለዚህ ዕድሜ ሐዘኑ አይከብድም ወይ ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ «አብረሽ አንብቢ» ነው መልሳቸው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላሳመኑኝም። ልጅቷ ግን እያደመጠች ሽሮ አሳርራብኛለች፣ መጽሐፉንም ከሩብ አልፋለች።

አባታችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ።

ለምትሄዱ፦ ከባድ ዝናብ ሲሆን ሸራው ይነሣል። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፤ እሳቸው ደግሞ አይቸኩሉም፣ ስለዚህ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው ባለቤቴ ብቻውን ሄዶ «ልጁስ?» ብለው ባዶ እጁን መልሰውታል።