ዘንባባ ወይስ ዋሽንግቶኒያ? ለአዲስ አበባ ግቢ የሚሆነው የቱ ነው?

ክረምት ሲቃረብ ችግኝ ሻጮች መንገድ ዳር ፓልሞቻቸውን ይደረድራሉ። ግቢ ያለው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ በዚህ ሰሞን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "የቱን ልግዛ?" ሁለቱንም ተክዬ፣ አጠጥቼና ቆርጬ ስለማውቃቸው መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ግቢያችሁ የተለመደው የአዲስ አበባ ግቢ ከሆነ፣ ማለትም ከቤቱ የተረፈው ቦታ መኪና ሲቆምበት የሚያልቅ ከሆነ፣ የሀገራችንን ዘንባባ ግዙ። ዋሽንግቶኒያውን ሰፊ ቦታ ላለው ተዉለት።

መጀመሪያ ግን እንለያቸው። ሻጩ ሁሉንም "ፓልም" ነው የሚላቸው። ዘንባባ የምለው ለሆሳዕና ቀለበት የምንሠራባትን፣ ግንባራችን ላይ የምናስራትን ነው። ከአንድ ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ቅጠሎች ይወጡላታል፣ ከሥሯም ብዙ ግንድ ሆና ትበቅላለች። ዋሽንግቶኒያው ግንዱ አንድ ነው። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ክብ ሆኖ ይዘረጋል፣ ልጅ እያለ ደግሞ በቅጠሉ ጫፍ ነጫጭ ክር ይንጠለጠላል። አገሩ ሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ ነው። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ በየመንገዱ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ የምታዩት ቀጭኑ ፓልም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዋሽንግቶኒያ ቶሎ ያድጋል፣ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ተክላችሁት ብዙም ሳትቆዩ ከአጥር በላይ ብቅ ይላል፣ ግቢውም ወዲያው ያምራል። ግን አይቆምም። 25 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሄድ ተክል ነው። ይሄ ማለት ከስምንት ፎቅ ጋር እኩል ነው! የደረቀው ቅጠል ደግሞ በራሱ አይረግፍም፤ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይከማቻል። እዚያ ውስጥ አይጥ ይራባል፣ እሳት ከነካው ደግሞ እንደ ቀልድ ይያያዛል። ቅጠሉን ማውረድ አለባችሁ። ትንሽ እያለ በመሰላል ይደረሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን መሰላሉ አይበቃም፣ ሰው ቀጥራችሁ ልታስወጡ ነው። የቅጠሉ ዘንግ ግራና ቀኝ መጋዝ የመሰለ ጥርስ ስላለው ያለ ወፍራም ጓንት የሚነካ አይደለም።

የመብራት ሽቦ ሲደርስስ? አናቱን ቆርጦ ማሳጠር አይቻልም። የፓልም ነፍስ አናቱ ላይ ነው፤ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከዚያች ከአንዲት እምብርት ብቻ ነው። እሷ ከተቆረጠች ግንዱ አለቀለት። እንደ ባሕር ዛፍ ከጎኑ አያቆጠቁጥም። ሰፈሬ ውስጥ አናታቸው ተቆርጦ እንደ ምሰሶ ደርቀው የቀሩ አሉ፣ ባየኋቸው ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዘንባባዋን የምመርጠው በዚህ ነው። እሷም አንዱ ግንዷ ከተቆረጠ ያ ግንድ ይሞታል፣ ነገር ግን ከሥሯ ሌሎች ልጆች አሏት። ስለዚህ ቁመቷ በእጃችሁ ነው። በጣም የረዘመውን ግንድ ከመሬት አጠገብ ትቆርጡታላችሁ፣ ከሥር ከበቀሉት አንዱን ጎበዝ መርጣችሁ ተተኪ ታደርጋላችሁ። ሌሎቹን ገና ለጋ ሳሉ ታስወግዳላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ሦስት ግንድ ብቻ ነው የምተወው፦ አንድ ረጅም፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትንሽ። እንዲህ ሲሆን ብርሃንም ያሳልፋል፣ ለዓይንም ያምራል። ዝም ካላችኋት ግን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ትሆናለች፣ መሐሏ እጅ ማስገባት አይቻልም።

ምክንያቱ እሾኋ ነው። ይህን ሳልናገር ግዙ ብዬ ባልፍ ግፍ ይሆናል። በቅጠሏ ዘንግ ግርጌ፣ ግንዱ ጋ ስትደርሱ፣ ቅጠሎቹ ራሳቸው እየጠነከሩ እሾህ ይሆናሉ። ረጃጅም ናቸው፣ ጫፋቸው መርፌ ነው። ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ቦታው ያብጣል፣ መገጣጠሚያ ላይ ከገባማ ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታና የበሩ መግቢያ ላይ አትትከሏት። ቅጠል ስትቆርጡ መጀመሪያ እሾሁን በመቀስ ከርክሙ፣ ከዚያ ዘንጉን በመጋዝ ቁረጡ። ዓይናችሁንም ሸፍኑ። ከአጥር ማዕዘን ሁለት ሜትር ያህል ገባ ብላ ብትተከል ለሰውም ለእሷም ይመቻል።

አፈር ላይ ሁለቱም ብዙ አያስቸግሩም፣ ግን ልዩነት አላቸው። ዘንባባዋ በተፈጥሮዋ የወንዝ ዳር ተክል ናት፣ ውሃ ትወዳለች፣ እርጥብ መሬት ትችላለች። ዋሽንግቶኒያው የበረሃ ምንጭ ዳር ተክል ነው፤ ከሥሩ ውሃ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፣ ከተደላደለ በኋላ ግን ድርቁን ይችላል። ጥቁር ዋልካ ላይ ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ የሚሰነብትባችሁ ከሆነ፣ ዘንባባዋ የተሻለ ዕድል አላት። ያም ሆኖ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት፣ አፈሩን ከበሰበሰ ፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ደባልቁት። ችግኙ ላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ይተከል። ግንዱ በአፈር ከተቀበረ እየታፈነ ይበሰብሳል። የመጀመሪያው በጋ ላይ አትርሱት፣ በሳምንት ሁለቴ ጥግብ አድርጎ ማጠጣት ይበቃል።

ቢጫ ስለሆነ ቅጠል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የታችኞቹ፣ ያረጁት ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ከሆኑ ብዙ ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው። ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ አዲሱን እየመገበ ነው ማለት ነው። እና አታጣድፉት፣ ጨርሶ እስኪደርቅ አትቁረጡት። ቶሎ ከቆረጣችሁት ከቀጣዩ ቅጠል መውሰድ ይጀምራል፣ ቢጫውም ወደ ላይ ይወጣል። ዩሪያ ብቻ መበተንም መፍትሔ አይደለም፣ እጥረቱን ያባብሰዋል። ፖታሲየም ያለበት ማዳበሪያ ፈልጉ፣ ኮምፖስቱንም አትተዉ። አትክልተኛ ቀጥራችሁ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ ቅጠል እንዳይነካ ቀድማችሁ ንገሩት። "ላስተካክልልዎት" ብለው አናቱ ላይ ሦስት ቅጠል አስቀርተው የሚሄዱ አሉ፣ ተክሉ ከዚያ ለማገገም ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

አገዛዝ ላይ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ከአንድ መንገድ ዳር ችግኝ ቤት የገዛኋት ዘንባባ ቅጠሏ ለምለም፣ ቁመቷ ወገቤ ድረስ ነበር። ቤት ወስጄ ላስቲኩን ስቀድደው ሥር የሚባል የለም። ከትልቅ ዘንባባ ጎን የተገነጠለች ልጅ በአፈር ተሞልታ ነው የተሸጠችልኝ። በሳምንታት ውስጥ ደረቀች። አሁን ሳልፈትሽ አልገዛም። ግንዷን ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ እስባታለሁ። ከአፈሩ ጋር አብራ ከተነሳች ሥር ይዛለች፣ ብቻዋን ሸተት ካለች ገንዘቤን ይዤ እሄዳለሁ። የላስቲኩን ታች ገልብጦ ማየትም ጥሩ ነው፣ ሥር ብቅ ብቅ ማለት አለበት። ሻጩ ይህን ስታደርጉ ከተቆጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። እንዲሁም ግንዷ አንድ ብቻ ሆኖ በጣም የወፈረ "ዘንባባ" ካሳዩአችሁ የካናሪ ደሴቶቹ ዘመዷ ሊሆን ይችላል። እሱ እጅግ ሰፊ ቦታ ነው የሚፈልገው፣ ለትንሽ ግቢ አይሆንም።

ዋሽንግቶኒያውን ጨርሶ አልጠላሁትም። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሰፊ የፋብሪካ ግቢ ያላችሁ በመስመር ትከሉት፣ ከሽቦና ከጣሪያ አርቁት፣ ለቅጠል ማውረጃ በየዓመቱ በጀት ያዙለት። አዳማና ድሬዳዋ ላላችሁ ደግሞ ምክሬ ይለያል። ሙቀቱን ይወደዋል፣ ውሃ ሲያጥርም እንደ ዘንባባዋ አይጎሳቆልም። ቦታ ካላችሁ እዚያ እሱን ነው የምመርጠው።