እጄ የወደደው፣ ዓይኔ ያልወደደው ላፕቶፕ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የቢዝነስ ላፕቶፕ ዘር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ። ጥቁር ወይም ግራጫ፣ መልኩ ደረቅ ያለ፣ ከሚያብረቀርቁት አጠገብ ሲደረደር ዞር ብሎ የሚያየው የማያገኝ። አዲስ ሲሆን ዋጋው አይቀመስም። ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ግን ድርጅቶች በጅምላ ሲቀይሩት ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል። እኔም የገዛሁት እንዲህ ከወረደ በኋላ ነው። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። የማነሳቸው ጥሩም መጥፎም ነገሮች በአብዛኛው የዘሩ እንጂ የአንድ ፋብሪካ አይደሉም።

ስክሪኑ 14 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ 11ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው 256 ጊጋ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ግሬድ ኤ» ይላል። ይህቺ ግሬድ የምትባል ነገር ብዙ ሰው ታታልላለች። የምትናገረው በአብዛኛው ስለ መልክ ነው፦ ጭረት የለውም፣ አልተሰነጠቀም። ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ፣ ፋኑ ውስጥ ስንት አቧራ እንዳለ አትነግራችሁም። ደግሞም ሻጮች ሁሉ የተስማሙበት አንድ መለኪያ የለም። የአንዱ ኤ የሌላው ቢ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ወራት አልፈዋል። በየቀኑ ጽፌበታለሁ፣ ስብሰባ ገብቼበታለሁ፣ ማታ ማታ ፊልም አይቼበታለሁ። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። እጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ግሩም ነው፤ ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው ግን ቀሽም ነው። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ድርጅት ላፕቶፕ ሲገዛ መራጩ የሚጠቀምበት ሠራተኛ ሳይሆን የአይቲ ክፍሉ ነው። የአይቲ ሰው ጭንቀቱ ሌላ ነው። ውሃ ቢደፋበት ይተርፋል? ኪቦርዱ ቢበላሽ ቶሎ ይቀየራል? መለዋወጫው ከዓመታት በኋላ ይገኛል? ቢሰረቅ ይቆለፋል? የስክሪኑ ቀለም ያምራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። አንድ ሺህ ላፕቶፕ ባንድ ጊዜ ሲታዘዝ ደግሞ በርካሹና በውዱ ስክሪን መካከል ያለው ልዩነት ተደምሮ ብዙ ገንዘብ ይሆናል። ስለዚህ ርካሹ ይመረጣል። ያ ውሳኔ ከዓመታት በኋላ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ቁጭ ይላል።

ከኪቦርዱ ልጀምር። የገዛሁት በእሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ቁልፎቹ ሲጫኗቸው በደንብ ይወርዳሉ፣ ቶሎም ይመለሳሉ። ከሰዓታት ጽሑፍ በኋላ ጣቴ አይደክምም። ይህ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ፊደሉን በድምፁ በላቲን ቁልፎች በሚያወጡት የአጻጻፍ ዘዴዎች አንዷን ፊደል ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ በአንድ ንክኪ የሚገላግለን በአብዛኛው ሳድሱ ነው። አንዲት የአናባቢ ቁልፍ እምቢ ካለች «ቤት» ልትሉ «ብት» ይወጣል። የድሮው ላፕቶፔ ላይ እንዲህ ያለውን ሳርም ነው የምውለው። እዚህኛው ላይ ያ ጣጣ ቀርቷል። የኪቦርዱ መብራትም ሁለት ደረጃ አለው፣ ማታ ዓይን አይወጋም።

ስለ ኪቦርድ ሳነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ላፕቶፖች ከተለያየ አገር ስለሚሰበሰቡ የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ኪቦርድ ያለው ሊደርሳችሁ ይችላል። በጀርመኑ ላይ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ በፈረንሳዩ ላይ ደግሞ ኤ እና ኪው። አንዳንድ ሻጮች ተለጣፊ ለጥፈውበት ይሸጡታል። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። የአስገባ (ኢንተር) ቁልፉ ቅርጽ ለየት ካለ ወይም ፊደሎቹ ከቁልፉ ወለል ትንሽ ከፍ ብለው ከታዩ ጠይቁ።

ማጠፊያው ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ስክሪኑን በአንድ እጅ ስከፍተው የታችኛው አካል አብሮ አይነሳም። ያቆምኩት ቦታ ይቆማል፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ላፕቶፕ ዩዝድ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ማጠፊያውን ይሁን። የላላ ማጠፊያ ብዙ የተንገላታ ላፕቶፕ ምልክት ነው፤ ጥገናውም አንዳንዴ የክዳኑን ፕላስቲክ ጭምር ማስቀየር ይፈልጋል። ማስታወቂያዎቹ ስለ ጥንካሬ ሲያወሩ «ሚል ስታንዳርድ 810 ያለፈ» ማለት ይወዳሉ። ይህ የአሜሪካ ጦር ለዕቃዎች ፍተሻ ያወጣው መመሪያ ነው። የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚያካሂድ የሚመርጠው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ጦሩ ላፕቶፕ ፈትሾ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ለእኔ ከዚያ ጽሑፍ ይልቅ ማጠፊያው ያሳምነኛል።

ፍጥነቱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ኢንተርኔት፣ ጽሑፍ፣ ኤክሴል፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ ሁሉንም ያለ ችግር ይሠራል። ከባድ ጌም ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ለሚፈልግ አይሆንም። ዋናው ነገር «አይ5» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ጀነሬሽኑን እዩ። በዚህ የቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ዘር ውስጥ ኢንቴል በ2017 8ኛውን ጀነሬሽን ሲያወጣ የአይ5 ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ከሁለት ወደ አራት አደገ። ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ጥቂት የተለዩትን ትተን፣ ከ8ኛው ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ በሚያጓጓ ዋጋ ስታዩ ይህን አስቡ። ራም ደግሞ 8 ጊጋ አሁን ይጠባል። አንዳንዱ ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ኋላ ልጨምር ብትሉ አይቻልም። የእኔ ግማሹ የተበየደ፣ ግማሹ የሚነቀል ነው።

ከፍጥነት ይልቅ የሚያሳስበው ተቆልፎ መምጣቱ ነው። የድርጅት ላፕቶፕ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ማስከፈት አንዳንዱ ላይ ቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ላፕቶፑ ገና በቀድሞው ድርጅት ስም ተመዝግቦ መቅረቱ ነው። እንዲህ ያለው ዲስኩ ቢጠፋም፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንም ምዝገባው አይለቅም። መለየት ግን ቀላል ነው። ዊንዶውሱን አዲስ አስጭኑና ኢንተርኔት አገናኙት። ገና ሲጀምር የአንድ ድርጅት ስም ጠርቶ «በሥራ ኢሜይልህ ግባ» ካለ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። የእኔ ንጹህ ነበር። የሲም ካርድ ማስገቢያ አይታችሁም አትደሰቱ። ቀዳዳው ኖሮ ውስጡ ሞደም የሌለው ሞልቷል፤ የእኔም ከእነዚያ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ላፕቶፑ ሲደርሰኝ ጭረት አልነበረውም፤ ቁልፎቹ እንኳ አላብረቀረቁም። አዲስ ነው ብትሉኝ አምን ነበር። ከዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ሳወጣ ግን አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ወደ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የቀረው። እንዴት ሆኖ? ንጽሕናው ራሱ ሳይነግረን አይቀርም። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዶክ (የውጭ ዕቃዎችን ከላፕቶፑ ጋር ከሚያገናኘው ሳጥን) ጋር ተያይዘው፣ በውጭ ኪቦርድና በውጭ ስክሪን እየተሠራባቸው። ስለዚህ አካላቸው አይነካም፣ ኪቦርዳቸው አያረጅም። ባትሪያቸው ግን ለዓመታት 100 በመቶ ሞልቶ፣ ሞቆ ይቆያል። ሊትየም ባትሪን ከሚያደክሙት ነገሮች ዋነኞቹ ደግሞ እነዚሁ ሙሉ ቻርጅና ሙቀት ናቸው። ስለዚህ ዩዝድ የቢዝነስ ላፕቶፕ ላይ ውጪው በጣም የጸዳውን ስታዩ ባትሪውን ይበልጥ ተጠራጠሩት።

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም፣ ሌላው አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት፣ በቃ። ሻጩ የሪፖርቱን ፎቶ እንዲልክላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ለጥቂት ወራት በደከመው ከተጠቀምኩ በኋላ ቀየርኩት። እዚህ ላይ የአይቲው ሰው ምርጫ ጠቀመኝ። የታችኛው ክዳን በተራ ብሎን ነው የተያዘው፤ ብሎኖቹ ቢፈቱም ከክዳኑ አይወድቁም። አምራቹ የጥገና መመሪያውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል፣ ከነሥዕሉ። ባትሪው አልተጣበቀም። ተነቀለ፣ አዲሱ ተተካ፣ ተከደነ። ባትሪ ስትገዙ ግን ኦሪጅናሉን ፈልጉ። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ያልሆነውን ቻርጅ እንዳያደርግ ይከለክሉታል። አዲሱን ደግሞ እንደ ቀድሞው እንዳይሆን ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ገደብ አደረግሁበት። ብዙ የቢዝነስ ላፕቶፖች ይህን ማስተካከያ ይሰጣሉ። ቻርጀሩ ዩኤስቢ ሲ፣ 65 ዋት ነው፤ ከቤት ስወጣ ለስልኬም ለላፕቶፑም አንድ ቻርጀር ይበቃኛል።

ክዳኑን እንደከፈትኩ ፋኑንም አጸዳሁት። አቧራው ጉድ ነበር። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስትም ደርቆ ነበር፣ እሱንም አድሼዋለሁ። ከዚያ በፊት የቪዲዮ ስብሰባ ስገባ ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ ነበር፤ ሰዎቹ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» እስኪሉኝ ድረስ። አሁን ጽሑፍ ስጽፍ ጭራሽ አይሰማም። ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ ግን ይቻላል።

ስፒከሩ የማይረባ ነው። ድምፁ ወደ ታች፣ ወደ ጠረጴዛው ነው የሚወጣው፤ ትራስ ላይ ስታስቀምጡት ይታፈናል። ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው። ካሜራው 720ፒ ነው፣ ብርሃን ትንሽ ካነሰ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነ ያስመስላል። መሸፈኛ በር ያለው መሆኑን ግን ወድጄዋለሁ።

ስክሪኑ ግን በዚህ ሁሉ ወር አልለመድኩትም። ማስታወቂያው «ፉል ኤችዲ አይፒኤስ» ይላል፣ አልዋሸም። 1920 በ1080 ነው፣ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ አይገለበጥም። ያልተናገረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ብርሃኑ 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ብቻ ነው። መስኮት አጠገብ ስቀመጥ የማየው ጽሑፌን ሳይሆን የራሴን ፊት ነው። ሁለተኛ የቀለም ስፋቱ ኤንቲኤስሲ በሚባለው መለኪያ 45 በመቶ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የተዘጋጁበት ኤስአርጂቢ የሚባለው የቀለም ክልል በዚሁ መለኪያ ወደ 72 በመቶ ይደርሳል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቀዩ ይደበዝዛል፣ የሰው ፊት አመድ ይለብሳል። ፎቶ ለሰው ከመላኬ በፊት ስልኬ ላይ አይቼ ነው ቀለሙን የማረጋግጠው። ለጽሑፍና ለኤክሴል ሰንጠረዥ ብዙም አያስቸግርም፤ ለፎቶና ለዲዛይን ሥራ ግን አትሞክሩት።

ላፕቶፑ በቀላሉ የሚፈታ በመሆኑ ይኼም መላ አላጣም። 400 ኒት ብርሃንና ሙሉ የኤስአርጂቢ ቀለም ያለው ባለ14 ኢንች ስክሪን ለብቻው ይሸጣል። ላዝዝ ነው። ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ አትዘዙ፤ አንዱ ሞዴል ከተለያዩ ፋብሪካዎች የተገዙ ስክሪኖች ሊገቡበት ይችላል። የስክሪኑ መለያ ቁጥር ከጀርባው ተለጥፏል። መፍታት ካልፈለጋችሁ ቁጥሩን ከዊንዶውስ ውስጥ የሚያነቡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ከቁጥሩ ሌላ የኬብሉ ጫፍ ባለ30 ይሁን ባለ40 ፒን፣ የስክሪኑ ጎንና ጎን የብሎን ጆሮ ይኑረው አይኑረው እዩ። የእኔ ባለ30 ፒን፣ ጆሮ የሌለው ነው።