ልጄን ከሒሳብ ጋር ላስታረቋት መምህር የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ሒሳብ ተማሪ ወደደውም ጠላውም ሊተወው የማይችል የትምህርት ዓይነት በመሆኑ፣ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ጀምሮ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ሁሉ በጭንቀት ስትነሳ እያየሁ የማደርግላት ጠፍቶኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ለሰባት ወራት ያስጠኗትን መምህር በአደባባይ ለማመስገንና በተመሳሳይ ችግር ላሉ ወላጆች ለመጠቆም ነው።

እኔ የጠየቅኋቸው ኳድራቲክ ኢኩዌሽን፣ ማለትም ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገባበትን እኩልታ እንዲያስረዷት ነበር። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቀን የፈተና ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ አብዛኛው ስህተቷ ከክፍልፋይና ከመቀነስ ምልክት የሚመነጭ መሆኑን አሳዩኝ፤ ከቅንፍ ፊት ያለ የመቀነስ ምልክት የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደሚለውጥ በወጉ አልገባትም ነበር። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ወደ ታችኛው ክፍል ትምህርት መልሰው አስተማሯት፤ ያኔ ጊዜው የባከነ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር።

ወደ ኳድራቲኩ ሲመለሱም ቀመሩን አስሸምድደው አላለፏትም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ የሠራውን ጥያቄ አቀረቡላት፤ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ሲደመርበት 39 ቢሆን፣ ቁጥሩ ስንት ነው? ጎኑ ያልታወቀ ካሬ ከወረቀት ቆርጣ፣ 10ሩን ለሁለት ከፍላ፣ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች በሁለት ጎኖቹ ላይ እንድታስጠጋ አደረጉ። ማዕዘኑ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ 5 በ5፣ ማለትም 25 መሆኑን ራሷ አየች፤ የካሬውና የሬክታንግሎቹ ስፋት 39 እና ይህ 25 ሲደመሩ 64፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8፣ ከ8 ላይ 5 ሲቀነስም የተፈለገው ቁጥር 3 መሆኑን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ቀጥለውም ወረቀቱ የማያሳየው፣ አል-ኸዋሪዝሚም ከዜሮ በታች በመሆኑ የማይቆጥረው ሌላ መልስ እንዳለ ነገሯት። ኔጌቲቭ 13ን አግኝታ ምልክቱን ሳታዛባ ስታረጋግጥ፣ ያ የተጨነቅሁበት ወር ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ።

መምህሩ የተማሪን የቤት ሥራ አይሠሩም፤ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው የሚጠራቸውንም አይቀበሉም። ልጄ ከክፍሏ አንደኛ አልወጣችም፤ ነገር ግን የተሳሳተችበትን መስመር ራሷ ፈልጋ ታገኛለች፤ ለእኔ ከማርኩ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። መምህር፣ ስለ ትዕግሥትዎ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እሳቸውን ማግኘት የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።