አያት ላይ በአንድ እግር ቆመን

ባለፈው ክረምት ሚኒሶታ በረዶ ላይ አዳልጦኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ተወኝ። እግሬን ማመን ግን አቃተኝ። አገር ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ የምትኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። 71 ዓመቷ ነው፤ ደረጃውን የምትወርደው ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው። ሁለታችንም ባለሙያ ያስፈልገን ነበር።

መጀመሪያ የሄድንበት ጂም አልሆነንም። አሠልጣኙ ምን እንደሚያማት እንኳን ሳይጠይቅ እናቴን ትሬድሚል ላይ አወጣት። ፍጥነቱ ሲጨምር ደንግጣ ክንዴን ጨመደደችው። የወሩን ከፍለን ነበር፤ አልመለሱልንም።

ከዚያ ጎረቤት የጠቆመችን ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ መጣች። እሷን ሳላመሰግን አላልፍም። ዋጋዋን በስልክ ቁርጥ አድርጋ ነገረችን፤ ከውጭ መምጣቴን ስታውቅም አልጨመረችም። ጫማችንን አስወልቃ በአንድ እግር አቆመችን። በግራዬ ግማሽ ደቂቃ ቆየሁ። በቀኜ ዐይኔን ስጨፍን ግን ሦስት ሳልቆጥር ተንገዳገድኩ። ሚዛናችንን የሚጠብቁልን ሦስት ናቸው አለችን፤ ዐይን፣ የውስጠኛው ጆሮ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት። ወለምታ ይሄን ሦስተኛውን ያደክመዋል። ወጌሻ ቢያሸውም በማሸት ብቻ አይመለስም፤ ልምምድ ይፈልጋል። ስንት ወር ሙሉ ቅባት ስቀባ የከረምኩት እኔ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለእናቴ የሰጠቻት ቀላል ነው። የወንበር መደገፊያ ይዞ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር አገናኝቶ መቆም። ሲለመድ በሁለት ጣት ብቻ መያዝ። ከዚያ ለቀቅ ማድረግ። «እማማ፣ ወለሉን በእግርዎ ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት» ትላታለች። የእናቴ ጣቶች ሲንቀጠቀጡ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ምንጣፉን ሲይዙ ዐይኔ እያየ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። እኛ ወንበሩን ከምድጃው አርቀን፣ ቡናው ተጥዶ እስኪፈላ በየቀኑ ሠራነው። በአራተኛው ሳምንት አብረን ባቡር ልንይዝ ስንወጣ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በታች እጇ ግድግዳውን አልነካም።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ቅዳሜ ቀጠሮ አይገኝም። ልምምዱን ግን በእጇ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋልን ሄዳለች። ከታች «ብቻዎን ሲሆኑ ዐይን ጨፍኖ መቆም የለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።