ካሊፎርኒያ ወይስ ቴክሳስ፦ ለቤተሰብ ቴራፒስት የቱ ይሻላል?

በሰዓት ከሆነ ልዩነት የለም፤ ፈቃድ ለማግኘት ሁለቱም ጋ በሱፐርቫይዘር ሥር 3,000 ሰዓት መሥራት ግድ ነው። ጣጣው ፈተናው ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ገና አሶሺየት (ሙሉ ፈቃድ ሳያገኝ በሱፐርቫይዘር ሥር የሚሠራ) ሳላችሁ በሕግና በሥነ ምግባር ታስፈትናችኋለች፤ እስክታልፉ በየዓመቱ መሞከር አለባችሁ፣ አለዚያ ምዝገባችሁ አይታደስም። ቴክሳስ ደግሞ ብሔራዊውን ፈተና ትቀበላለች፣ የራሷንም የሕግ ፈተና ትጨምርበታለች።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላስ? በየሁለት ዓመቱ ካሊፎርኒያ 36፣ ቴክሳስ 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃሉ። ለስድስት ሰዓት ብሎ ግን ስቴት የሚቀይር የለም መቼስ! እኔን ብትጠይቁኝ ቴክሳስ ትሻላለች፤ ብሔራዊው ፈተና ነገ ሌላ ስቴት ብትሄዱም ይጠቅማችኋል። ደግሞ ደንበኛችሁ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ቁጭ ብሎ በቪዲዮ ቢያወራችሁ፣ የካሊፎርኒያ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።